የእጅ ስልክና የቆላው ዜማ

ከጂንካ ወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርደውን መንገደኛ የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ሃና የምትቀበለው በሐሩር ነው፤ ይህም ሐሩር ሰውንና ከብትን ብቻ ሳይሆን፣ ወጣቱ የቦዲ፣ የሙርሲና የዲሜ ሕዝቦችን ዜማ ቀርጾ ሌላ ድምፅ ሊያክልበት የሚመኘውን የእጅ ስልክ ጭምር ያደክማል። ስልኩ ሲንቀራፈፍና ድምፁ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው በመሣሪያው ርካሽነት ያመካኛል፤ እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተጫነበት ሸክምና ከሙቀቱ እንጂ ከዋጋው አይደለም እላለሁ።

ስልክ ድምፅን በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ አኀዝ ይለውጠዋል፤ ፕሮሰሰሩም «ናሙና» የሚባሉትን እነዚህን አኀዞች «ባፈር» ከሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ በክፍል በክፍል እየተቀበለ ይሠራባቸዋል። በ48,000 ልክ ሲቀረጽ የ256 ናሙና ባፈር 5 ሚሊሰከንድ ያህል፣ የ1,024 ናሙና ባፈር ደግሞ 21 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ስልኩ ራሱ የሚጨምረው ሌላ መዘግየት ሳይቆጠር ማለት ነው። ባፈሩ ሲጠብ ድምፁ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ፋታ ያጣና ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። ስለዚህ መተግበሪያው ከፈቀደ፣ ሲዘፍኑና ሲጫወቱ ባፈሩን ማጥበብ፣ የተቀረጸውን ሲያዋሕዱ ማስፋት ይገባል።

የአገራችንን ኅብረ ዜማ ላሰበ ሰው ይህ የቅጽበት መዘግየት ታናሽ ነገር አይደለም። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለ ዜማውን በጋራ ያቆሙታል፤ በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት የአሪ ሰዎችም በትንፋሽ መሣሪያቸው የሚከተሉት ሥርዓት ይህንኑ ይመስላል። አንድ ወጣት ይህን ኅብር ብቻውን ድርብ በድርብ ሊቀርጽ ቢነሣና አስቀድሞ የቀረጸው ድምፅ ለጆሮው ዘግይቶ ቢደርስ፣ ቅብብሉ ፈርሶ ሥርዓቱ ሁሉ ይታወካል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያልና፣ ለቀረጻ ርካሹ ባለ ገመድ ማዳመጫ ከውዱ ይበልጣል።

ስለ ሙቀቱም ቢሆን፣ ፕሮሰሰር ግለቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ከጥፋት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሃና እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቻርጅ እየተደረገ የሚቀርጽ ስልክም ገና ሥራው ሳይጋመስ ወደዚህ ድካም ይደርሳል። ቀረጻው በማለዳ ወይም በጥላ ሥር ይሁን፤ ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ፤ የስልኩ ልባስ ይውለቅ፤ የስክሪኑ ብርሃን ይቀነስ፤ የበረራ ሁነታው ይከፈት። የባትሪ ቆጣቢው ግን ይዘጋ፤ እርሱም ፕሮሰሰሩን ያዘገያልና።

ድርብ ቀረጻው፣ ማለትም ትራኩ፣ እየበዛ፣ የገደል ማሚቶና የመሳሰለው የድምፅ ማስዋቢያ በየትራኩ እየተጨመረ ሲሄድ፣ የተጠናቀቀውን ትራክ ከነማስዋቢያው ወደ ተራ የድምፅ ፋይል ለውጦ ማስቀመጥ የፕሮሰሰሩን ሸክም እጅግ ያቀላል። ማከማቻው እንዳይሞላም መጠንቀቅ ነው፤ በ48,000 ልክ፣ በ24 ቢትና በስቴሪዮ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ብቻውን 17 ሜጋባይት ያህል ይይዛል።

በደቡብ ኦሞ ትምህርት ቤቶች ያላችሁ መምህራን ሆይ፣ ይህን ጥቂት ዕውቀት ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩ፤ አረጋውያን ፈቅደው የሚያሰሙትን ዜማ በያዙት ስልክ በንጽሕና ይቅረጹ፤ የቀረጹትንም በአንድ ስልክ ብቻ ሳይተዉ ወደ ሌላ ማከማቻም ይገልብጡ።