«ተከትበዋል?» እና «ለምን አልተከተቡም?»

የኮቪድ-19 ክትባት በአገራችን በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከጤና ባለሙያዎች ተጀምሮ ለሌላውም ሰው መዳረስ በጀመረበት በ2014 ዓ.ም.፣ በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። አብሮን የሚሠራ አንድ የውጭ ተቋም «ከሠራተኞቻችሁ ስንቱ ተከትቧል?» የሚል ደብዳቤ ላከልን። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ተከትበዋል ወይስ አልተከተቡም፣ ካልተከተቡ ምክንያቱ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። እያንዳንዱ ሰው ከእሱ በፊት የሞሉትን ሁሉ እያነበበ የራሱን ሞላ።

አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ በአራተኛው ዓምድ ላይ «በሐኪም ምክር» ብላ ጻፈች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቢሮው በሁለት ግምት ተከፈለ፤ ግማሹ «አርግዛለች»፣ ግማሹ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በሽታ ይኖርባታል»። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ ገባችና በሩን ዘጋች። «ጋሼ፣ አንደኛውን ሐሰት ነው ካልኩ ሌላኛውን አመንኩ ማለት አይደለም እንዴ? ዝም ብልስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱ የትኛው እንደነበር፣ ወይም ሁለቱም እንዳልነበሩ፣ ዛሬም አልጽፍም።

በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራው እህቴ ነገሩን በስልክ ስነግራት «እዚህ ቢሆን ሂፓ ያስቀጣችሁ ነበር» አለችኝ። ሂፓ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ሲሆን፣ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ስለ ጤና የሚጠየቅን ጥያቄ ሁሉ የሚከለክል ተደርጎ ተቀምጧል። ሳገላብጠው ግን እህቴ በሕጉ ስም ተሳስታ በፍሬ ነገሩ ትክክል ሆና አገኘኋት። ሂፓ የሚይዘው በዋናነት ሐኪሞችን፣ ሆስፒታሎችንና የጤና መድን ሰጪዎችን ነው። አሠሪ ሠራተኛውን «ተከትበሃል?» ብሎ እንዳይጠይቅ አይከለክልም።

ጉዳዩን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ። ይህን ሕግ በሥራ ቦታ የሚያስፈጽመው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ባወጣው ማብራሪያ ላይ አንድ ጥሩ መስመር አሰመረ። አንድን ሰው ተከትቦ እንደሆነ መጠየቅ ወይም ማስረጃ አምጣ ማለት በራሱ ስለ አካል ጉዳት መጠየቅ አይደለም። ሰው ያልተከተበበት ምክንያት ብዙ ነውና፤ ወረፋ አልደረሰውም፣ አልፈለገም፣ ረስቷል። «ለምን አልተከተብክም?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ ግን በሽታን፣ መድኃኒትን፣ የአካል ሁኔታን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ከሥራው ጋር የተያያዘና ለሥራው አስፈላጊ መሆኑን አሠሪው ማሳየት አለበት። ሦስተኛው ዓምዴ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር፤ አራተኛው ሁለተኛው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቢፈቀድም መልሱ ሜዳ ላይ አይጣልም። በዚሁ ሕግ መሠረት አሠሪው የሚይዘው የሠራተኛ የጤና መረጃ፣ የክትባት ማስረጃን ጨምሮ፣ ከመደበኛው የግል ማኅደር ተለይቶ በምስጢር ይቀመጣል። እህቴ ካርዷን ያሳየችው ለዚሁ ለተመደበች አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበር።

መጠየቅና ማስገደድም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ ሊጥል የነበረውን የክትባት ወይም የምርመራ ግዴታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 በ6 ለ3 ድምፅ አገደው። በዚያው ዕለት ግን የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ በሚቀበሉ የጤና ተቋማት ሠራተኞች ላይ የተጣለውን ግዴታ በ5 ለ4 አጸደቀ። የእህቴ መሥሪያ ቤት በሁለተኛው ውስጥ ይወድቅ ነበር። ያ ግዴታም ቢሆን በ2023 ተነሥቷል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ ለአዲስ ተቀጣሪዎችና በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ሲያዝ፣ የኤችአይቪ ምርመራን፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ካላስገደደ በቀር፣ ከዚህ አውጥቶታል። ድንጋጌው ስለ ምርመራ እንጂ ስለ ክትባት የሚያወራ አይደለም። ሆኖም መነሻው «የሥራው ጠባይ» መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መርፌና ደም የምትነካ ነርስ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዷን መጠየቅና የሒሳብ ባለሙያን ስለ ሐኪሟ ምክር መጠየቅ አንድ አይደሉም።

እኔ ሠንጠረዡን ባዞርኩበት ጊዜ ያልነበረው ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ስሱ መረጃዎች ይመድበዋል፤ መረጃ ሲሰበሰብም ለታወቀ ዓላማና ዓላማው በሚጠይቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በብዙ ቢሮዎች ያለን የሰው ኃይል ሰዎች ይህን አዋጅ የባንክና የቴሌኮም ጉዳይ አድርገን ማየታችን ያሳስበኛል፤ የሕመም ፈቃድ ወረቀት በየቀኑ የሚገባው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤው የጠየቀው «ስንቱ?» ብሎ ነበር። ስም አልጠየቀም፣ ምክንያትማ ጨርሶ። ስም የሌለው ብጣሽ ወረቀት በሣጥን አሰብስቤ ብቆጥር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር፤ ለተቋሙ በመጨረሻ የላክነውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አራተኛውን ዓምድ የጨመርኩት ማንም ሳያዘኝ፣ ቅጽ ሲሞላ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነበር።

ልጅቷ በስድስት ወር ውስጥ ለቀቀች። በመልቀቂያ ደብዳቤዋ ላይ ምክንያቱን «የተሻለ ሥራ» ብላለች፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። እኔ ራሴ ድርጅቱን ከመልቀቄ በፊት ያንን ሠንጠረዥ ፈልጌ ከወጪ ደብዳቤዎች ፋይል ውስጥ፣ ማንም ሊገልጠው በሚችልበት ቦታ አገኘሁት። አውጥቼ ቀደድኩት። ስንት ፎቶ ኮፒ እንደተነሣለት ግን መዝገብ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።