ዓይናችን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ

ከጁባ የቀትር ፀሐይ ተነስተን ቤት ስንገባ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይጨልምብናል። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩም ጀሪካኑም ይታየናል። ለመሆኑ በዚያች ጊዜ ዓይናችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከዓይናችን በስተኋላ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በእያንዳንዱ ዓይን ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይገኛሉ። ዘንግ መሰሎቹ 120 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ የሚያገለግሉን በደብዛዛ ብርሃን ነው። ሾጣጣዎቹ 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የቀን ብርሃንና ቀለም መለየት የእነርሱ ድርሻ ነው።

የሕዋሳቱ ጠባይ ይገርማል። በጨለማ በራቸው ክፍት ስለሆነ ካልሲየም ይገባል። ብርሃን ሲያርፍባቸው በሩ ይዘጋል፤ የነበረው ካልሲየም ግን መውጣቱን ስለማያቆም መጠኑ ይቀንሳል። ይህን የሚከታተሉ ዘበኛ ፕሮቲኖች አሉ። አንደኛው ጂካፕ ይባላል፤ ካልሲየም ሲያንስ በሩን መልሶ የሚከፍተው ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል። ሪከቨሪን የተባለው ደግሞ ብርሃን የነካው ቀለም ቶሎ ሥራውን እንዲያቆም መንገድ ይለቅቃል። ሕዋሱም ለሚቀጥለው ብርሃን ይዘጋጃል።

ታዲያ ዘበኛው ራሱ ቢበላሽስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች በጂካፕ ላይ የሚደርስ የዘር ለውጥ የሾጣጣ ሕዋሳትን በሽታ እንደሚያመጣ አሳወቁ። ዘበኛው ማቆም ሲገባው ስለማያቆም በሩ ተከፍቶ ይቀራል፤ ካልሲየም ይበዛል፤ ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በሽታው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ነው። የያዘው ሰው ደማቅ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ቀለም ይደበዝዝበታል፣ ማንበብም ይከብደዋል።

በእኛ ዘንድ የሚታወቀው ግን ሌላው ችግር፣ ዳፍንት ነው። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ምክንያቱም ብርሃን ያፈረሰው ቀለም እንደገና መሠራት አለበት። ይህ ቀለም ደግሞ ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠራም። ቫይታሚኑ በሬቲና ውስጥ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1933 ያገኘው ጆርጅ ዋልድ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እንግዲህ ካልሲየም ሲባል ሰምተን «ወተት ይበቃል» እንዳንል፤ ለዳፍንት ዋናው መድኃኒት ቫይታሚን ኤ ነው። ጉበት፣ እንቁላል፣ ካሮት፣ የበሰለ ማንጎ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንችና ጎመን ይሰጡናል። አትክልቱ ጠብታ ዘይት ካገኘ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚታደለው እንክብልም ለዚሁ ነው። እንክብሉን ግን ጤና ባለሙያ ይስጥ እንጂ ከገበያ ገዝተን አንስጥ፤ ሲበዛ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! ማታ ማታ እየተደናቀፈ የሚወድቅ ልጅ «ደንባራ» አይባል። ፀሐይ ላይ ዓይኑን እየጨፈነ ሰሌዳው የማይታየው ተማሪም «ሰነፍ» ተብሎ አይመታ። የመጀመሪያው በጊዜ ከታከመ ይድናል፤ ቸል ከተባለ ግን ዓይኑ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ምግብ አያድነውም፤ ሆኖም መነጽርና ባርኔጣ፣ ጥላ ያለበት መቀመጫና በጉልህ የተጻፈ ጽሑፍ ከትምህርቱ እንዳይቀር ይረዱታል። ሁለቱም ልጆች ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይታዩ።