ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

አምና በክረምት አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በስልክ «7 ሰዓት እገባለሁ» አለችን። እኛ ቤት 7 ሰዓት ማለት የምሳ ሰዓት ነው። ለካ እሷ የነገረችን ቲኬቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት ኖሯል! ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ደርሳ፣ የሚቀበላት ብታጣ ታክሲ ይዛ መጣች። በር ስታንኳኳ እኛ ገና ሸሚዝ እየተኮስን ነበር። የታመመች እናቷን ልታይ የመጣች ሰው እንዲህ ተቀበልናት።

አያቴ ግን ከአልጋዋ ሆና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ስትሄድ መንገዱ አያልቅላትም፤ ስትመጣ ቶሎ ትደርሳለች። በሌላ መንገድ ነው እንዴ የምትመጣው?» ሁለተኛ ዓመት ጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ። እናም ማንበብ ጀመርኩ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ውድ አንባቢ፣ ይህን በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለመለካት አይሞክሩ፤ ካርታው ያሳስታል። ሉል ላይ ክር ቢወጥሩ ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብንል ሒሳቡ ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። ከዋሽንግተን ወደዚህ ያለ ማረፍ ሲመጣ የሚፈጀውም ይህንኑ ያህል ነው። ሲሄድ ግን ከነማረፊያው 16 እና 17 ሰዓት ይደርሳል። ለምን?

አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። አውሮፕላኑ ወደዚህ ሲመጣ ከኋላው ይገፋዋል፣ ሲሄድ ደግሞ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢሆን በአንዱ አቅጣጫ 1,000፣ በሌላው 800 ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛውና እኔን የገረመኝ የራሳችን ከተማ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ሙሉ ተሳፋሪና ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ መጫን ይከብደዋል። በቃ፣ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለያየ ጊዜ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ያረፈው አንድም ለዚሁ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ጭኖ ለመነሣት አይቸገርም።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እነሱ ሰዓታቸውን ያዘዋውራሉ፣ እኛ አናዘዋውርም። አክስቴ ከዚያ የተነሣችው በእነሱ ከረፋዱ 11 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ እዚህ የእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነበር። 13 ሲደመር፣ ጠዋት 1 ሰዓት። ሒሳቡን በወረቀት ሠርቶ ያየ ከቤታችን አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

ስትመለስ ግን ተነሥታ የምትደርስበትን በእኛ ሰዓት ጽፌ ስልኩ አጠገብ ለጠፍኩት፦ ማታ 4 ሰዓት ተኩል መነሣት፣ በማግሥቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መድረስ። አያቴ ወረቀቱን አነበብኩላት። ቢሆንም ጠዋት ቁርስ ላይ «እስካሁን ያልደወለችው ምን ሆና ነው?» ማለት ጀምራ ነበር።