ከጠመንጃው ይልቅ ማይኩ

ልጁ ጌም ሲጫወት የሚያይ ወላጅ መጀመሪያ የሚደነግጠው በተኩሱ ነው። ስጋቱ የቆየ ነው። በ1993 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሴኔት ሞርታል ኮምባት በተባለው የድብድብ ጌምና በመሰሎቹ ላይ ተወያይቶ ነበር፤ በዓመቱ ጌሞችን በዕድሜ የሚመድብ ተቋም ተመሠረተ። ምደባው ዛሬም ይጠቅማል። ነገር ግን በዋነኛነት የሚነግረን ጌሙ ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ ማን እንዳለ አይነግረንም። ያኔ ልጅ የሚፎካከረው አጠገቡ ከተቀመጠው ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ነበር። አሁን ፎርትናይትን የከፈተ ልጅ እስከ 100 ሰው ከሚፋለምበት ሜዳ ይወርዳል፤ ቡድኑ ከጎደለም ጌሙ ራሱ የማያውቃቸውን ሰዎች ይጨምርለታል። ጠመንጃው የካርቱን ነው። በጆሮ ማዳመጫው የሚገባው ድምፅ ግን የእውነተኛ ሰው ነው።

የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በዲሴምበር 2022 ከአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደረሰ። ከዚህ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ከሚጠብቀው ሕግ ጋር የተያያዘ ቅጣት ነው። ክሱን ላነበበው ሰው ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመው የጥፋቱ ቀላልነት ነው፤ የክሱ አንዱ ዋና ነጥብ የአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ጉዳይ ነበር። የጽሑፍና የድምፅ ቻቱ ጌሙ ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነበር። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት ልጆች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር እየተጣመሩ ተሰድበዋል፣ ተዝቶባቸዋል፣ ራስን ስለ ማጥፋት የመሰለ ከባድ ወሬ ጆሯቸው ገብቷል። የድምፅ ቻቱ ተጫዋቹ ፈልጎ ካልከፈተው ዝግ ይሁን ብለው የወተወቱት የኩባንያው የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። በኋላ መዝጊያው ሲጨመርም በቀላሉ የማይገኝ ቦታ ተሸጎጠ። የልጅ ደህንነት ከምክርና ከቁጣ በፊት የሚወሰነው ጌሙ ይዞት በመጣው ሴቲንግ ነው የምለው ለዚህ ነው። ክፍት ሆኖ የመጣውን በር ፈልጎ የሚዘጋ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ጌም ሠሪዎች ያውቁታል።

በኪስ ላይም የተሠራው ያው ነው። የቀረው 245 ሚሊዮን ዶላር ሳያስቡት ገንዘብ ለወጣባቸው ተጫዋቾች የሚመለስ ነበር። ክሱ እንደሚለው ተጫዋቹ አንድን ልብስ ለማየት ብቻ ሲሞክር አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ከነካ ይገዛው ነበር። ያሸለበውን ጌም ለመቀስቀስ ሲሞክርም ሒሳብ ሊቆረጥበት ይችል ነበር። እስከ 2018 ድረስ ደግሞ ልጁ በወላጁ ካርድ የጌሙን ገንዘብ ሲገዛ የካርዱን ባለቤት ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ያላዘዝኩት ነው ብሎ በባንኩ በኩል የተከራከረ ሰውም አካውንቱ ተቆልፎበታል።

«ልጅን መጠበቅ የወላጅ እንጂ የኩባንያ ሥራ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ወላጅ ኃላፊነት የለበትም ያለ የለም። ግን ወላጁ የጆሮ ማዳመጫውን ንግግር አይሰማም፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ከሆነ ደግሞ፣ አዲስ አበባም ይኑር ሪያድ፣ ሴቲንጉ ውስጥ መዝጊያውን የሚያገኘው በዕድል ነው። ልጆችን የሚያጠምድ ሰው ሲመጣ እንደ ጥሩ የጨዋታ ጓደኛ ነው፤ ያግዛል፣ ያሸንፍለታል፣ የጌም ገንዘብ ወይም ልብስ በስጦታ ይልካል። ከዚያ «እዚህ አይመችም፣ ሌላ አፕ ላይ እናውራ» ይላል። ወላጅ ለልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስረዳው የሚገባው ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ቻት ከተዘጋ ጨዋታው ምን ጣዕም አለው? ዋሽንግተን ያለ ልጅ አዲስ አበባ ካለችው የአክስቱ ልጅ ጋር የሚያወራበት ቦታ ጌም ብቻ ሊሆን ይችላል። ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ለሚታወቅ ሰው ከፍቶ ለማይታወቅ መዝጋት ነው። ቻይና በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑት በኢንተርኔት የሚጫወቱትን በሳምንት 3 ሰዓት ያህል ብቻ አደረገች፤ ሰዓት መቁጠር ለእንቅልፍ ይበጅ ይሆናል፣ እንግዳን ግን አያስቆምም። ሮብሎክስ የተባለው የጌም መድረክ በበኩሉ ከ13 ዓመት በታች ያሉት ከጨዋታ ውጭ በግል እንዳይጻጻፉ የዘጋው በኖቬምበር 2024፣ አገልግሎቱ ከተጀመረ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ዘግይቷል፤ አቅጣጫው ግን ያ ነው።

እነዚህ ጥበቃዎች ሁሉ የሚሠሩት ልጁ ልጅ መሆኑን ጌሙ ሲያውቅ ነው። ሮብሎክስ በ2026 መጀመሪያ ቻት ከመፍቀዱ በፊት የተጠቃሚውን ዕድሜ ከፊቱ ምስል መገመት በዓለም ዙሪያ የጀመረውም የልደት ቀን ብቻውን ስለማይታመን ነው። እኛ ዘንድ ልጁ የሚጫወተው በአብዛኛው በአባቱ ወይም በእናቱ ስልክ፣ እነሱ በከፈቱት አካውንት ነው፤ ጌም ቤት ከሆነም በባለቤቱ። ስለዚህ ጌሙ የሚያየው አዋቂ ነው። የልደት ቀን ብቻ በሚጠይቅ ጌም ላይ የራሱ አካውንት ቢከፈትለትም አንድ ወጥመድ አለ። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ 2008 ብሎ ይሞላል፤ ጌሙ የሚያነበው በፈረንጅ ስለሆነ ልጁ በዚያች ቅጽበት 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምራል፣ ዝግ የነበረው ቻትም ይከፈትለታል።