ከሞተሩ ፊት የሚንጠባጠበው ዘይት

በአሮጌ መኪና የሚተዳደር ቤተሰብ ጠዋት መኪናው ከቆመበት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ጠብታው ከትናንቱ ሰፍቶ ከተገኘ የቡና ላይ ወሬው እሱ ይሆናል። እዚህ አሶሳ ከኩርሙክ፣ ከሆሞሻና ከባምባሲ ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት ላንድ ክሩዘሮች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከሚነዷቸው ወጣቶች ይበልጣል። እኔም በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ምጥ የጠናባትን እናትና ወባ ያንቀጠቀጠውን ሕፃን ይዤ የተሳፈርኩት በእነዚሁ መኪኖች ነው። ስለዚህ ጡረታ የወጣች ነርስ ስለ ሞተር ስትጽፍ እንግዳ አይሁንባችሁ።

የልጄ ባል የሚተዳደርባት መኪና ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አላት። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከሞተሩ ፊት ዘይት መንጠባጠብ ጀመረች። አንድ ጋራዥ አየና «ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» አለ። ይህ ማለት ፋሻው፣ ብሮንዚኑ፣ ጓርኒሲዮኑ ሁሉ ሊቀየር፣ መኪናዋም ለሳምንታት ያለ ሥራ ልትቆም ነው። አማቼ ለልጁ የትምህርት ወጪ ብሎ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሊያወጣ ተነሣ። የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ሄዳ የምትማረው በዚያ ገንዘብ ነበር።

እኔ ደግሞ በሽተኛ ሳይመረመር ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ማየት አልወድም። ሥራውን ከአባቱ የተማረ ሌላ ወጣት መካኒክ አስጠራሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና «ሲስተር፣ መጀመሪያ እናጥባት» አለኝ። ወደድኩት።

ነገሩ ልክ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪና ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከላይኛው ክዳን የፈሰሰ ዘይት ከታች የመነጨ ሊመስል ይችላል። የሞተሩ ፊት ታጥቦ ደረቀ፣ ከሥር ካርቶን ተነጠፈ፣ ሞተሩ ለሩብ ሰዓት ያህል ሠራ፤ መኪናዋም ካርቶኑ ላይ አደረች። ጠዋት የላይኛው ክዳን ደረቅ ነበር። እርጥቡ ከታችኛው ትልቅ ፑሌጃ ጀርባ ነው፤ ፑሌጃው ሲሽከረከር የረጨው ዘይት ዙሪያውን በክብ ተበትኗል።

ለምን ፈሰሰ? ሞተርም ይተነፍሳል። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ ቱቦ አለው። ቱቦው በዝቃጭ ሲደፈን ጋዙ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን ደካማ በሆነው በኩል ይገፋዋል። ያን ጊዜ የዘይት ማገጃው ቢቀየርም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ያፈሳል። መካኒኩ ቱቦውን ነቅሎ አጸዳ፤ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ። ጭስ በኃይል እየተገፋ ቢወጣ ኖሮ ፋሻዎቹ አልቀዋል፣ ሞተሩ ይከፈት ያለው ጋራዥም እውነቱን ነው እንል ነበር። የወጣው ግን ስኒ ላይ እንዳለ ቡና ቀጭን እንፋሎት ነው። የልጅ ልጄ ገንዘብ የተረፈው እዚያ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ፑሌጃ፣ ፓራሊዮ፣ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ በ1928 ዓ.ም. ወርረውን በ1933 ዓ.ም. የተባረሩት ሄዱ፣ ቃላቸው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ቺንጋው የውኃ ፓምፑን፣ ቬንቲላተሩንና ዲናሞውን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው። ፓራሊዮው ኮሎው ወደ ውጭ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ዘይቱን የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ፑሌጃውን ብዙ ሰው ቺንጋ ማዞሪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ኮሎው ረዥም ብረት ስለሆነ ፒስተኖቹ በየተራ ሲመቱት እንደሚጨመቅ ነጠላ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ መልሶም ይፈታል። በአንዳንድ ፍጥነት ምቱና መፈታቱ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ እየበረታ ሄዶ ብረቱን እስከ መስበር ይደርሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባለስድስት ሲሊንደር መኪኖች ኮሎ በዚህ ምክንያት ይሰበር ነበር፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ንዝረቱን የሚያበርድ መሣሪያ ፈለሰፈ። በእኛዋ መኪና ያንን ሥራ የሚሠራው ፑሌጃው ነው። መሀሉ አንድ ብረት፣ ውጩ ሌላ ከባድ የብረት ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጎማ አለ። ንዝረቱን የሚበላው ጎማው ነው።

ጎማ ደግሞ ያረጃል። የአሶሳ የበጋ ሙቀት አንድ ነገር ነው፤ ከፓራሊዮው የሚያፈስ ዘይት ሲያርሰው ይብስበታል። ጎማው ሲለቅ ውጩ ቀለበት ከቦታው ይንሸራተታል፣ ፑሌጃው ይወላገዳል፣ ቺንጋው ቶሎ ቶሎ ይበላል። አልፎ አልፎ የሚሰማው ኳኳታ የኮሎ ብሮንዚን ያለቀ ያስመስላል፤ በዚህ ድምፅ ብቻ ሞተር የተከፈተባቸው ሰዎች አሉ። ቀለበቱ ከነቺንጋው በመንገድ ላይ ቢወልቅ ውኃው መዘዋወሩን ያቆማል፣ ሞተሩም ይፈላል። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት በሽተኛ ተጭኖ ይህ ሲሆን አስቡት።

ይህን ለማወቅ ጠመኔ ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ከመሀሉ ብረት ተነሥታችሁ ጎማውን አቋርጣችሁ እስከ ውጩ ቀለበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስመሩ። ዘይት ካለበት ጠመኔ አይዝምና ቀለም ይሻላል። ለጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ቀለበቱ ተንሸራቷል ማለት ነው። የእኛው መስመር በሦስተኛው ቀን የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተላልፎ ተገኘ። ፑሌጃው ላይ የተቀረጸ የሞተር ማስተካከያ ምልክት ካለ እሱም ከቀለበቱ ጋር ስለሚሸሽ አይታመንም።

ሥራው ራሱ የአንድ ቀን ነው። ጎማዎቹ በታኮ ተያዙ፣ ባትሪው ተፈታ፣ ራዲያተሩ ወጣ። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ ከላይ በኩል ስላለ አይነካም፤ በሌሎች ብዙ ሞተሮች ግን ፓራሊዮው ጋ ለመድረስ እሱንም መፍታት ግድ ነው። የመሀሉ ብሎን እጅግ የጠበቀ ነው። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክተው በሞተሪኖ የሚያስፈቱ አሉ፤ ቁልፉ ሲያመልጥ አንጓ ይሰብራልና አማቼን አልፈቀድኩለትም። መካኒኩ ፑሌጃውን በብረት ይዞ በእጁ ፈታው። ሲያወጣም በመዶሻ አልመታም፣ ውጩን ቀለበት ነክሶ አልጎተተም፤ መሀሉ ላይ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች በሚታሰር ማውጫ ሳበው። አዲስ ፑሌጃ በመዶሻ ሲገባ አይታችሁ ከሆነ ጎማው ሥራ ሳይጀምር ተጎድቷል ማለት ነው።

አሮጌው ፓራሊዮ ጎማነቱ ቀርቶ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር። መካኒኩ ግን ያስደነቀኝን ነገር አሳየኝ። «ሲስተር፣ ጥፍርዎን እዚህ ያሳልፉ» አለኝ። የፑሌጃው አንገት፣ ፓራሊዮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ለዓመታት ተፈግፍጎ ቦይ አውጥቷል፤ ጥፍሬን ያዘው። አዲስ ፓራሊዮ በዚያ ቦይ ላይ ቢያርፍ ዘይቱ ከሥሩ ያልፋል። ብዙ ሰው «ፓራሊዮ ቀይሬ አልቆመም» የሚለው ለዚህ ነው። ፑሌጃው ጎማው ደህና ከሆነ ቶርኖ ቤት አንገቱን በስስ ብረት ሊያለብሱት ይችላሉ። የእኛው ጎማውም ስላለቀ ሁለቱንም ቀየርን። አዲሱ ፓራሊዮ ከንፈሩ ዘይት ተቀብቶ፣ ሞላ ያለበት ጎኑ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ዙሪያው እኩል እየተገፋ ገባ። የመሀሉ ብሎን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ጠበቀ፤ በግምት የሚያጠብቅ ሰው አይንካው።

ዕቃውን ያመጣልን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ ፑሌጃ በርካሽ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ከሌላ አሮጌ ሞተር የወጣ ጎማ ያው አሮጌ ጎማ ነው። በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባኝም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ። ሞተር እየሠራ ኮፈን ሲከፈት ነጠላ የለበሰች እናት፣ ሻሽ ያንጠለጠለች ልጅ አጠገቡ አትቁም፤ ቺንጋና ቬንቲላተር ጨርቅ ይዘው እጅን ይከተላሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጋራዥ ለሚሠሩ ልጆቻችሁም እጃቸውን በቤንዚን እንዳይታጠቡ ንገሯቸው፤ ቆዳ ይሰነጥቃል፣ በቆዳም በትንፋሽም ወደ ሰውነት ይገባል። ጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

የተቃጠለው ዘይት በእኛ አካባቢ ፈላጊው ብዙ ነው። ምስጥ የአጥርና የቤት እንጨት ስለሚጨርስ ሰው እየለመነ ወስዶ ቋሚውን ይቀባበታል። ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ፣ የሚቀባውም ጓንት ያድርግ። ከሁሉ በላይ በምግብ ዘይት ጀሪካን ወይም በውኃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ሕፃን ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ቢጠጣ ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባና ይብስበታል። ወተትም አታጠጡት። ልብሱን አውልቁ፣ አፉን ጥረጉ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡ።