ጠላቱ መቼ ነው የሚመጣው?

እህቴ የምትኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ። የትምህርት ቤት የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወደዚያው መሄድ ልማዴ ነው። ቀን ሐይቁ ዳር እንውላለን፤ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት እንኮለኮላለን። ፊልም መራጩ ሁልጊዜ የእህቴ የበኩር ልጅ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ ፍላሹን ከኪሱ አይለይም፤ የጃፓን አኒሜ ከተነሣ ራቱን ረስቶ ያወራል። ዘንድሮ የመረጠልን ፊልም ግን ቤቱን ለሁለት ከፈለው።

ፊልሙ «ሜሞሪስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ የወጣ ሲሆን፣ በሦስት የተለያዩ ዳይሬክተሮች የተሠሩ ሦስት ታሪኮችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ከጀርባው ያለው ሰው በ1988 «አኪራ»ን ሠርቶ አኒሜን ለዓለም ያስተዋወቀው ካትሱሂሮ ኦቶሞ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ ጠፈር ላይ ነው፤ የእርዳታ ጥሪ ሰምተው የሄዱ ሠራተኞች በአንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ትዝታ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ አየው። ሁለተኛው ቀልድ ነው፤ ክኒን ውጦ ሳያውቅ አገር የሚፈጅ ሽታ የሚረጭ ምስኪን ሠራተኛ ታሪክ። ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ከዚያ ሦስተኛው ገባ፤ ኦቶሞ ራሱ የሠራው፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው «ካነን ፎደር»። በእኛ አባባል «የጦር ማገዶ» ብንለው ይስማማዋል።

ከተማው ሁሉ መድፍ ነው። ከየጣሪያው ላይ አፈሙዝ ብቅ ብሏል። አንድ ትንሽ ልጅ ጠዋት ይነሣና ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ምስል ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። አባቱ 17 ቁጥር መድፍ ላይ ጥይት አጉራሽ ነው። እናቱ ጥይት ፋብሪካ ትሠራለች። ልጁ ራሱ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚማረው ሒሳብ መድፍ ለማነጣጠር የሚያገለግል ነው። ከዚያ ያንን ግዙፍ መድፍ ማጉረስ ይጀምራሉ። ይጎትታሉ፣ ይገፋሉ፣ ያሽከረክራሉ፣ ይጮኻሉ። ይተኮሳል፤ ጭስ ብቻ። ማታ ዜናው ድል ያበሥራል። ጠላት የተባለው አንድም ጊዜ አይታይም። ልጁ አባቱን «የምንዋጋው ከማን ጋር ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ስታድግ ይገባሃል» ይባላል። አለቀ።

«ምንም እኮ አልሆነም!» አለ የ12 ዓመት ልጄ። እውነት ለመናገር እሱ የተናገረው የአብዛኞቻችንን ሐሳብ ነው። ባለቤቴ ገና መድፉ ሳይጎርስ ስልኩን አውጥቶ ነበር። የ9 ዓመት ልጄ ደግሞ በየመሐሉ «ጠላቱ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ስትጠይቅ ቆየች። የእህቴ አማት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ የተቀመጡት፣ «ይኼ ሁሉ ሰው ለፍቶ ለፍቶ ማንን ነው የሚመታው?» አሉ። «እሱን አይናገሩም፣ እማማ» አላቸው የልጅ ልጃቸው። «አይ እንግዲህ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ።

የእህቴ ልጅ ተናደደ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ ያልተቆረጠ መስሎ መሠራቱን አላየንለትም። እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው። ካሜራው ከልጁ መኝታ ቤት ወጥቶ በባቡሩ፣ በደረጃው፣ በፋብሪካው ውስጥ ሳያቋርጥ ይሄዳል። በሰው እጅ በሚሳል ፊልም ይህ ከባድ ሥራ ነው። ሥዕል ሲቆረጥ ሠዓሊው ያርፋል፤ ካልተቆረጠ ግን ከተማውን ሁሉ ተያይዞ እንዲታይ አድርጎ መሳል ግድ ነው። አኒሜ ውስጥ ዝግታ ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጥረት ምልክት መሆኑንም አንርሳ። ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን ለቴሌቪዥን ማዘጋጀት ሲጀምር የሥዕሉን ቁጥር ቀንሶ፣ ፊትን አቁሞ አፍን ብቻ በማንቀሳቀስ ወጪ ይቆጥብ ነበር። የኦቶሞ ዝግታ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ላብ የፈሰሰበት ዝግታ ነው።

ይሁን እንጂ ተመልካች ስለ ሠዓሊው ላብ ምን ገዶት! እኔም ብሆን ሰልችቶኝ ነበር። «ሜሞሪስ»ን ያዩ ሰዎች በሌላውም ዓለም በዚሁ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ የጠፈሩን ታሪክ ያስቀድማሉ፣ ጥቂቶች ግን ከሦስቱ የሚበልጠው ይኼኛው ነው ብለው ይሟገታሉ።

እህቴ እስከዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስኒዎቹን ሰብስባ ስትነሣ ግን፣ «እኔን አላሰለቸኝም» አለች። «እንዲህ ነበር እኮ።»

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና አምባሰልን ሲያዳርስ እሷ እዚሁ ነበረች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ እየሞከርኩ አለቅስ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙም አታወራም፤ የዚያን ዕለት ማታ ግን አወራች። ከባድ መሣሪያ የሚጮኸው ለአፍታ ነው፣ ቀሪው ቀን መጠበቅ ነው አለች። ሽሮ ታሰጫለሽ፣ ልጅ ታጥቢያለሽ፣ ጆሮሽ ግን ውጭ ነው። የሚተኩሰውንም የሚተኮስበትንም አታዪውም። ልጇ «ማን ነው የሚተኩሰው?» ብሎ ሲጠይቃት ምን እንዳለችው ጠየቅኳት። «ዝም በልና ተኛ» ብዬዋለሁ አለችኝ። ያኔ ልጁ አሁን ከፊታችን ተቀምጦ ፍላሹን በጣቱ የሚያሽከረክረው ጎረምሳ ነው። ይህን ፊልም ለምን እንደመረጠ አልጠየቅነውም። እሱም አልነገረን።

በማግሥቱ ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ውጫሌ ሄድን። የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት፤ በ1889 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ውል ስም የተወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ የአምባሰል ዜማ ከፈተ፤ ማሲንቆው ገና መግቢያውን ሳይጨርስ ልጄ «ሌላ የለም?» አለ። ሣቄ መጣ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ የተጠራለት ተራራ በመስኮት እየታየው፣ ማታ በጃፓኑ ፊልም ላይ ያቀረበውን አቤቱታ መድገሙ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ነገርኩት። የአምባሰል ቅኝት አምስቱ ድምፆች አሰላለፍ፣ ጃፓኖች ሚያኮቡሺ ከሚሉት የጥንት የዜማ ስልታቸው ጋር አንድ ነው። በኮቶ ክራሩን በሚመስል ድምፅ ሲመቱት የወሎ ሰው የራሱ ይመስለዋል። ልጄ ትከሻውን ነቀነቀ። ሹፌሩ ግን በመስታወት አየኝና ድምፁን ከፍ አደረገው።

ሃያኦ ሚያዛኪ አንድ ጊዜ ለአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ለሮጀር ኢበርት እጁን አጨብጭቦ፣ በሁለቱ ጭብጨባ መካከል ያለው ዝምታ «ማ» እንደሚባል አስረድቶታል፤ ያለ እሱ ፊልሙ ጥድፊያ ብቻ ይሆናል ባይ ነው። ማሲንቆውም ግጥሙን ከመቀበሉ በፊት የሚያቆየን እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ለልጆች ይታያል ወይ? ደም የለበትም፣ የሚሞት ሰው አይታይም። መድፍ ሰምቶ ላደገ ልጅ ግን ብቻውን እንዲያየው አልተውም፤ አብሮት የሚቀመጥና መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልገዋል።

የዚያን ዕለት ማታ ከውጫሌ ስንመለስ ትንሿ ልጄ ፊልሙን ድገሙልኝ አለች። ባለቤቴ ወደ መኝታው ሄደ፤ ልጄም ተከተለው። እማማ ግን ጋቢያቸውን ይዘው መጡና ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ። እህቴ መብራቱን አጠፋች። መድፉ ሲጎርስ፣ ልጄ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «እማዬ፣ ጠላቱ ጭራሽ ከሌለስ?» አለችኝ።

«ስታድ…» ብዬ ጀመርኩና እህቴን አየኋት። እሷም እያየችኝ ነበር።