በውጭ አገር ለሚኖሩ ልጆች ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጣል?



በዚህ ግድግዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ማስተማር ልምምድ የሚያወሳ ጽሑፍ ነው። ዛሬ ግን ራቅ ያለ የሚመስል ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም ወላጆች በሥራ ምክንያት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ለልጆቻቸው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት እንዴት ይምረጡ የሚለው ነው። «ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን? እኛ የምንመደበው ወረዳ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ያገባናል። አንደኛ፣ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ሲጨነቅ ምክር የሚጠይቀው የሚያውቀውን መምህር ነው። ሁለተኛ፣ ሄዶ የቆየው ልጅ አንድ ቀን ተመልሶ የሚቀመጠው በእኛው ክፍል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ምርጫው ጥሩም ይሁን መጥፎ ፍሬውን የምናየው እኛ ነን።

1ኛ/ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበርና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ጽሕፈት ቤታቸውን በስዊዘርላንድ በጄኔቭ ከተማ ከፈቱ። ሠራተኞቹ ከየአገሩ የተሰባሰቡ በመሆናቸው የልጆቻቸው ትምህርት አሳሳቢ ሆነ። ልጁ በከተማው ትምህርት ቤት ቢገባ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይሆናል? በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1924 የጄኔቭ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሆኖም አንድ ችግር ቀረ። በአንድ ክፍል አብረው የተማሩት ልጆች በመጨረሻ አንዱ ለእንግሊዝ፣ አንዱ ለፈረንሳይ፣ ሌላው ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለየብቻ መዘጋጀት ነበረባቸው። ይህን ለመፍታት የተደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ1968 እዚያው ጄኔቭ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ድርጅት አስገኘ።

በእኛም አገር ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተቋቋሙ ወዲህ የብዙ አገር ልጆች በከተማችን ይማራሉ። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ቃል በመላው ዓለም የሚቈጣጠር አንድ ሕግ የለም። ማንም ትምህርት ቤት ቃሉን በሩ ላይ በቀለም ሊያስጽፈው ይችላል። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት ስሙ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ የሚከተለው ሥርዓተ ትምህርትና በመጨረሻ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው።

2ኛ/ ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች

ሀ/ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ትምህርት። የመጨረሻው የዲፕሎማ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ስድስት ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከነዚህ ሦስቱን ወይም አራቱን በጥልቀት ያጠናል። በተጨማሪ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ ይጽፋል፣ ስለ ዕውቀት ምንነት ይማራል፣ በኪነ ጥበብ፣ በስፖርትና በኅብረተሰብ አገልግሎት ይሳተፋል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታረማል፤ ጠቅላላው ከ45 ነው። ለማለፍ ሌሎች ግዴታዎች ተሟልተው ቢያንስ 24 ነጥብ ያስፈልጋል።

ለ/ የእንግሊዝ ሥርዓት። ተማሪው ከ14 እስከ 16 ዓመቱ ድረስ አይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ለሚባለው ፈተና ይዘጋጃል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ በኋላ ኤ ሌቭል የሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ የሚያዙት ሦስት ትምህርቶች ብቻ ናቸው።

ሐ/ የአሜሪካ ሥርዓት። በዚህ ውስጥ የየዓመቱ ውጤት እየተጠራቀመ ሄዶ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያበቃል። ልጁ መሐል ላይ ቢገባም ያለፈው ዓመት ውጤት ስለሚቈጠርለት ለሚዘዋወር ቤተሰብ ይመቻል።

መ/ የአንድ አገር መንግሥት ትምህርት በውጭ አገር። የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የሕንድ ትምህርት ቤቶች የአገራቸውን ሥርዓት ይከተላሉ። ከአንዱ አገር የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አገር የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የተዛወረ ልጅ ያንኑ ትምህርት ያገኛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት የሕንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ዓመቱን የሚጀምሩት በሚያዝያ ወር አካባቢ ስለሆነ በመስከረም የሄደ ልጅ ዓመቱ ተጋምሶ ይጠብቀዋል።

ሠ/ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች። እንደ ሳዑዲ ዓረቢያ ባሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አገሮች ማኅበረሰቡ ራሱ ያቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

ከነዚህ ሌላ የአገሬው የመንግሥት ትምህርት ቤትም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካና በአውሮፓ ለመቅረት የሄደ ቤተሰብ ልጁን እዚያ ማስገባቱ የተለመደ ነው፤ ክፍያም የለውም። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በይበልጥ የሚጠቅመው ከአገር አገር ለሚዘዋወረው ነው።

3ኛ/ ከመመዝገብ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ በችኮላ የተያዘ ምዝገባ መዘዙ ብዙ ነው። ስለዚህ ወላጅ ቀጥለው የተዘረዘሩትን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ እዚያ የምንቈየው ስንት ዓመት ነው? ከዚያስ ወዴት እንሄዳለን? ይህ የጥያቄዎች ሁሉ አውራ ነው። ወደ አገር የሚመለስ ልጅ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፍ ልጅና እዚያው የሚቀር ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል ይገባል? በእኛ አገር አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። በአሜሪካ በ6፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ5 ዓመት ይጀመራል። በመሆኑም የእኛ የአንደኛ ክፍል ልጅ እኩዮቹ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ሁለተኛ፣ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ላይ ናቸው። ወላጅ «ልጄን ሁለት ክፍል አዘለሉልኝ» ብሎ ቢደሰት ተሳስቷል፤ ሲመለስም «ሁለት ክፍል ዝቅ አደረጋችሁብኝ» ብሎ ቢቈጣ እንደዚያው።

ሦስተኛ፣ በቋንቋ በኩል ምን እርዳታ አለ? ይህ ዋነኛው አደጋ ያለበት ቦታ ነው። ጂም ከሚንስ የተባሉት በካናዳ የሚኖሩ ምሁር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ያሳዩት ልዩነት አለ። አዲስ ቋንቋ የገጠመው ልጅ የጨዋታውን ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዳል። ሳይንስና ታሪክ የሚነበብበትን፣ ምክንያት የሚገለጽበትን የትምህርት ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ወላጅ ልጁ በሜዳ ሲጫወት ይሰማና «እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጣው» ይላል። ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ግማሹ አልገባው ይሆናል። ስለሆነም ለአዲስ ገቢዎች የተመደበ የቋንቋ መምህር አለ ወይ? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ? ልጁ ለዚህ የሚወጣውስ ከየትኛው ትምህርት ላይ ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ምን ይሆናል? «በቤትም አማርኛ አታናግሩት፣ ይደናገራል» የሚል ምክር ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ የለመደ ልጅ ያንኑ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። ለአውሮፓ ማኅበር ሠራተኞች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1953 በሉክሰምበርግ የተጀመሩት የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከፋፍለው የሚያስተምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በኢንተርናሽናል ባካሎሬትም ቢሆን መምህር ባይኖር እንኳ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ድጋፍ የራሱን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠናበት መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱ ይህን ይፈቅዳል ወይ?

አምስተኛ፣ ማን ይመረምረዋል? ጥሩ ትምህርት ቤት ከውጭ መጥቶ የሚመረምረው አካል አለው። በዱባይ ለምሳሌ የእውቀትና የሰብአዊ ልማት ባለሥልጣን ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግል ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ያወጣቸው ዘገባዎች ለማንም ክፍት ናቸው። በየዓመቱ ስንት መምህራን እንደሚለቁም መጠየቅ ነውር አይደለም። መምህር የማይበረክትበት ቤት ለልጅም አይበጅም።

ስድስተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የትምህርት ክፍያ ተብሎ ከተጻፈው ሌላ የማመልከቻ፣ የመመዝገቢያ፣ የሕንፃ፣ የመኪና፣ የደንብ ልብስና የፈተና ክፍያ አለ። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ይረዳ እንደሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መረዳት ያስፈልጋል። በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድጎማ እንኳ ክፍያው ከፍ እያለ ሲሄድ የሚሸፈነው እጅ ዝቅ ይላል።

4ኛ/ በምሳሌ እንየው

አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተቀጥሮ ወደ ናይሮቢ ሄደ እንበል። ውሉ ሦስት ዓመት ነው። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለው።

ልጅቱ የእንግሊዙን ሥርዓት ብትይዝ በሁለት ዓመት የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሳ 16 ዓመት ይሆናታል። ሦስተኛው ዓመት ኤ ሌቭል ወይም የባካሎሬት ዲፕሎማ የምትጀምርበት ነው። ውሉ ያን ጊዜ ያልቃል። ቤተሰቡ ቢነሣ ትምህርቷ ከመሐል ይቈረጣል። ስለዚህ አባትየው ከወዲሁ መወሰን አለበት። ወይ ውሉ እንደሚታደስ ያረጋግጣል፣ ወይ በሚቀጥለው ከተማ እነዚያኑ ትምህርቶች የሚሰጥ ትምህርት ቤት መኖሩን ያጣራል፣ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቱ አገሯ ተመልሳ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንድትዘጋጅ ያደርጋል። ለመመለስ ከሆነ ማስረጃዎቿ ሁሉ ተሟልተው እንዲያዙና የአቻ ግምት እንዲሠራላት ያስፈልጋል።

የትንሹ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን የሚያቋርጠው ፈተና የለም፤ የትኛውም ሥርዓት ያስኬደዋል። ነገር ግን ፊደል በሚቈጥርበት ዕድሜው ነው አገሩን የለቀቀው። ሦስት ዓመት አማርኛ ሳያነብ ቢቆይ በ10 ዓመቱ ሲመለስ እየተናገረው የማያነበው ቋንቋ ይሆንበታል። ለእሱ ከትምህርት ቤቱ ምርጫ ይልቅ ከባዱ በየማታው ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር የሚያነብባት ግማሽ ሰዓት ናት። ለታላቋ የሚበጀው ትምህርት ቤት ለታናሹ ላይበጅ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ ማስገባት ለመኪናው ይመቻል እንጂ ሁልጊዜ ለልጆቹ አይመችም።

5ኛ/ የእኛ ፈንታ

ሩት ሂል ዩዚም የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሕንድ የሚኖሩ የአገራቸውን ሰዎች አጥንተው በሁለት አገር መካከል ያደጉ ልጆችን «የሦስተኛ ባህል ልጆች» ብለዋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ የወላጆቹ አገር ሰው ነው፤ ሆኖም አገሩ ሲገባ እንግዳ ይሆናል። ይህ ልጅ ክፍላችን ሲገባ ምን እናደርጋለን?

በአማርኛው ሲንተባተብ ክፍሉ እንዲስቅበት አንፍቀድ። ማንበብ ስላቃተው ብቻ ሒሳብም አይችልም ብለን አንደምድም፤ ሒሳቡን ለብቻ፣ ንባቡን ለብቻ እንፈትነው። ፊደሉን ከሥር እንዲጀምር ጊዜ እንስጠው እንጂ ከትንንሾች ጋር አስቀምጠን አናሳፍረው። የሚያውቀውንም እናስነግረው። ስለ ሌላ አገር ዝናብ፣ ገበያና ከተማ በዓይኑ ያየ ልጅ እኮ ለኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሕያው መርጃ መሣሪያ ነው።

ወላጅም ከመሄዱ በፊት መጥቶ ቢጠይቀን «ትልቁን ሕንፃ ፈልግ» አንበለው። «መጀመሪያ የመመለሻህን ቀን ንገረኝ፣ ከዚያ የልጅህን ዕድሜ ንገረኝ» እንበለው። ከነዚህ ከሁለቱ መልስ በኋላ የትምህርት ቤቱ ዝርዝር በራሱ ያጥራል።

በርእሱ ላይ የተለየ አሳብ ያላችሁ መምህራንና ዕጩ መምህራን ጽፋችሁ ከዚሁ ጐን ብትለጥፉ ሁላችንም እንማርበታለን።